«ስንት ጊዜ ልውደቅ?»

በዚህ አምድ ከአንባቢያን የሚደርሱንን ጥያቄዎች እየመረጥን እንመልሳለን። ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው የማይተዋወቁ ቢሆኑም፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያጠነጥኑ ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚጠቁሙ ዝርዝሮችን አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምሠራው በሒሳብ ሙያ ነው። በሙያው ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያሳልፈውን ፈተና አራት ጊዜ ተፈትኜ አራቱንም ጊዜ ወድቄያለሁ። የአራተኛው ዓመት ውጤቴ ከመጀመሪያው የሚበልጠው በ3 ነጥብ ብቻ ነው። ውጤት በወጣ ቁጥር ሁለት ወር ያህል መጽሐፍ ማየት ያስጠላኛል፤ ከዚያ ወኔዬን አሰባስቤ ያንኑ መጽሐፍ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነባለሁ። በየክፍሉ ስንት ስንት እንዳገኘሁ የሚያሳየው ወረቀት በፖስታ ተልኮልኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። አብረውኝ የጀመሩት አልፈው አንዳንዶቹ አለቆቼ ሆነዋል። የማማክረው ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ የጸና ያሸንፋል» ይለኛል። እኔ ግን ጸንቻለሁ፤ ታዲያ ያላሸነፍኩት ለምንድን ነው? ስንት ጊዜ ልውደቅ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም «አይዞዎት» ብዬ ብጀምር ከሌሎቹ ሲሰሙት የኖሩትን መድገም ይሆንብኛል። ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው አራት ጊዜ በመውደቅዎ ላይ አይደለም፤ አራት ጊዜ የወደቀ ሰው ብዙ ነው። ያረፈው በ3ቱ ነጥብና ባልተከፈተው ፖስታ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንደኛው የሌላው ውጤት ይመስለኛል። በየዓመቱ ያንኑ መጽሐፍ ከዚያው ገጽ ጀምሮ ያነበበ ሰው አራት ጊዜ ሞከረ ከማለት ይልቅ አንዱን ሙከራ አራት ጊዜ ደገመው ማለት ይቀላል። ይህን የምለው ልወቅስዎ ፈልጌ አይደለም፤ ለአራት ዓመት በየጊዜው ተነሥቶ መቀመጥ ቀላል ጉልበት አይጠይቅም፤ ያ ጉልበት የት እንደፈሰሰ ግን አብረን እንድናየው እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመ አንድ ጥናት፣ ለምርምር ገንዘብ በተደጋጋሚ አመልክተው የተከለከሉ ሳይንቲስቶችንና አዳዲስ ኩባንያ እያቋቋሙ የከሰሩ ነጋዴዎችን መዝገብ መርምሮ ነበር። በመጨረሻ የተሳካላቸውና ሳይሳካላቸው የቀሩት መነሻቸው ላይ ብዙም አይለያዩም። ልዩነቱ የታየው ከወደቁ በኋላ ነው፤ የተሳካላቸው ሰዎች ካለፈው ሙከራቸው የሠራውን ክፍል እንዳለ ይዘው፣ ያልሠራውን ብቻ ነቅለው ስለሚተኩ፣ እያንዳንዱ ሙከራ ከበፊቱ እየተሻለ፣ በአንዱና በሌላው መካከል ያለውም ጊዜ እያጠረ ይሄዳል። ሌሎቹ ግን በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራሉ። የእርስዎን ሁለት ወርና የመጀመሪያውን ገጽ ያስታወሰኝ ይህ ነው። የሚያውቁትን ምዕራፍ አምስተኛ ጊዜ ሲያነቡ ያጠፉት ሳምንት፣ የማያውቁት ምዕራፍ ሊያገኘው የሚገባ ሳምንት ነበር።

ፖስታውን ያለመክፈትዎን ነገር ደግሞ እንደ ስንፍና አልቆጥረውም፤ ሰው የመሆን ጠባይ ነው። በዚያው በ2019 ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን ሰብስበው ሁለት ምርጫ ብቻ ያላቸውን ጥያቄዎች ጠየቋቸው። ምርጫው ሁለት ብቻ ከሆነ «ተሳስተሃል» መባልም «ትክክል ነህ» መባልም መልሱን እኩል ይገልጣል። ኋላ ላይ በዚያው ጉዳይ ሲፈተኑ ግን «ተሳስተሃል» የተባሉት የተማሩት ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ስህተታችን ሲነገረን ጆሯችን ይደፈናል፤ ክብራችንን ለመጠበቅ ስንል ትምህርቱን አብረን እንጥለዋለን። ከዚህ ጥናት እኔን የሳበኝ ቀጣዩ ግኝት ነው፤ ያው ስህተት የሌላ ሰው ሆኖ ሲቀርብላቸው ልዩነቱ ጠፋ፣ ሰዎቹም ከውድቀቱ እንደ ልባቸው ተማሩ።

ስለዚህ ፖስታውን ብቻዎን አይክፈቱት። አንድ የሚያምኑት ሰው፣ ቢቻል ፈተናውን ያለፈ ባልደረባዎ፣ ከፍቶ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ እርስዎ ደግሞ የአንድ የማያውቁት ተፈታኝ ውጤት እንደሆነ አድርገው ብዕር ይዘው ያዳምጡ። «ይህ ሰው በግብር ክፍል ከ40 ያገኘው 31 ነው፤ በኦዲት ግን 14 ነው» ቢባል ምን ይመክሩት ነበር? ከመጀመሪያው ገጽ ጀምር ይሉት ነበር? አይመስለኝም።

የራሴን ላውጋዎት። ከዓመታት በፊት አንድ ረቂቅ ጽፌ ለአሳታሚ ልኬ ነበር። ረቂቁ ከአምስት ገጽ አስተያየት ጋር ተመልሶ መጣ። የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ አጠፍኩትና ከመጻሕፍቱ ኋላ ወሸቅኩት፤ ዓመት ካለፈው በኋላ ቤት ሳጸዳ አገኘሁት። ከአስተያየቱ ግማሹ፣ አሁንም እንደማምነው፣ ስህተት ነበር። ግማሹ ግን ልክ ነበር፤ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ረቂቅ ጽፌ እነዚያኑ ጥፋቶች ደግሜ ሠርቼባቸው ነበር። ሁለቱም አልታተሙም። ያም ሆኖ ወረቀቱን ዛሬም አልጣልኩትም።

የተዘጋውን ፖስታ በመክፈት ረገድ ባለሞተር አውሮፕላን ሠርተው ያበረሩትን አሜሪካውያን የራይት ወንድማማቾችን፣ ዊልበርንና ኦርቪልን፣ የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። ታሪካቸው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጽናታቸው ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. ከ1901 መኸር እስከ 1902 ያደረጉት ነው። በ1901 የሠሩት ሞተር አልባ አውሮፕላን ያነሣው ክብደት በስሌት ከጠበቁት አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነበር። ዊልበር ተስፋ ከመቁረጡ የተነሣ የሰው ልጅ ገና 50 ዓመት አይበርም ብሎ ለወንድሙ እንደተናገረ ራሱ ኋላ ላይ አምኗል። ቀጣዩ እርምጃ ሌላ አውሮፕላን ሠርቶ እንደገና መሞከር ሊሆን ይችል ነበር። እነርሱ ግን ቁጭ ብለው የተሳሳተው ቁጥር የትኛው እንደሆነ መፈለግ ጀመሩ። 1.8 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የእንጨት ሣጥን ሠርተው በአንዱ ጫፍ ማራገቢያ ገጠሙለት፤ ከብረት የተቆረጡ ትንንሽ የክንፍ ናሙናዎችን አንድ በአንድ በውስጡ እያኖሩ ነፋሱ ምን ያህል እንደሚያነሣቸው ለኩ። የፈተሿቸው ቅርጾች 200 ያህል ይሆናሉ። ከእነርሱ በፊት ብዙዎች እንደ እውነት ይዘውት ሲሠሩበት የኖሩት የአየር ግፊት ቁጥር ከልክ በላይ የተጋነነ ሆኖ ተገኘ። የ1902ቱ አውሮፕላን የተሠራው በአዲሱ ልኬት ነው፤ የታሰበውንም ያህል ተንሳፈፈ።

ከዚያ በኋላ መውደቅ ቀረላቸው ማለት አይደለም። ሞተር ገጥመው ታኅሣሥ 14 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. ሲሞክሩ ዊልበር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ስላደረገው አውሮፕላኑ አሸዋ ላይ ወደቀ። ሦስት ቀን ጠግነው ታኅሣሥ 17 ተመለሱ፤ ኦርቪል ለ12 ሴኮንድ 36 ሜትር ያህል በረረ፤ በዚያው ዕለት በአራተኛው ሙከራ ዊልበር 59 ሴኮንድ አየር ላይ ቆይቶ 260 ሜትር ገደማ ተጓዘ። የ14ኛው ቀን ውድቀት ሦስት ቀን ብቻ የፈጀው የተበላሸው ነገር የቱ እንደሆነ ስላወቁ ነው፤ ክንፉንና ሞተሩን እንደ አዲስ አልሠሩም፤ የተሰበረውን ጠገኑ፣ አነሣሡን አስተካከሉ።

አሁን ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ልመለስ። ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡበትን ክፍል ለይተው ከዚያ ብቻ ይጀምሩ፤ ያለፉበትን በሳምንት አንድ ቀን እንዳይረሱት ያህል ይነካኩት። ሁለተኛ፣ ማንበቡን ይቀንሱና ራስዎን መፈተኑን ያብዙ። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገ ሙከራ አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 40 በመቶውን ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንብበው ሦስት ጊዜ በቃላቸው ለመጻፍ የታገሉት ግን 61 በመቶውን አስታውሰዋል። ነገሩን አታላይ የሚያደርገው፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻሉት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው፤ ደጋግሞ ያነበበ ሰው መጽሐፉን ሲዘጋ «ገብቶኛል» የሚለው ለዚህ ነው። አራት ዓመት ያታለለዎ ይህ ስሜት እንዳይሆን እጠረጥራለሁ። ሦስተኛ፣ አንድ ደብተር ይግዙና የተሳሳቱትን ጥያቄ ከነስህተቱ ይጻፉበት፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን ያን ጊዜ ምን አስበው እንደተሳሳቱ ጭምር። «ዕዳውን በገቢ በኩል ያስገባሁት ቀኑን ስላላየሁ ነው» ዓይነት አንድ መስመር ይበቃል።

ስንት ጊዜ ልውደቅ ብለው ለጠየቁኝ ቁጥር አልሰጥዎትም፤ መለኪያ ግን ልስጥዎት። ከሚቀጥለው ፈተና በኋላ የክፍል ውጤትዎን ከዚህኛው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የተሠራበት ክፍል ከፍ ብሎ አጠቃላዩ ቢያንስም እንኳ መንገዱ ይዞዎታል፤ ይቀጥሉ። አንድም ክፍል ካልተነቃነቀ ግን ስድስተኛውን ጊዜ ከመመዝገብዎ በፊት ወይ መምህር ይፈልጉ፣ አለዚያም በእርግጥ የሚፈልጉት ሙያውን ይሁን ከባልደረቦችዎ እኩል መሆኑን ራስዎን በቅንነት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት ሴት ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት የልብስ ስፌት ድርጅት ከፍቼ ያለኝን ጥሪት ሁሉ አፍስሼበታለሁ። ሦስት ጊዜ አሠራር ቀይሬያለሁ፤ ከአንደኛው ዓመት በቀር አትርፌ አላውቅም። ባለቤቴ «ይብቃሽ» ይለኛል። እኔ ግን ስኬታማ ሰዎች ሲናገሩ የምሰማው ሁሉ ተስፋ ሊቆርጡ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው እንደተሳካላቸው ነው። ይህን ሁሉ ዓመትና ገንዘብ አፍስሼ አሁን ብተወው ሰነፍ አልባልም? በመውደቅና በመተው መካከል ያለው ድንበር የት ነው? (የዘወትር አንባቢዎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከጥያቄዎ ውስጥ አንዲት ሐረግ ነጥለን እንያት፤ «ይህን ሁሉ ዓመትና ገንዘብ አፍስሼ» የምትለዋን። የፈሰሰው ፈስሷል፤ ቢቀጥሉም ቢያቆሙም አይመለስም። ከፊትዎ ላለው ውሳኔ የሚጠቅመው ወደፊት የሚያፈሱትና ከዚያ የሚያገኙት ብቻ ነው። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ መኖር ግን ከባድ ነው። ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ የዓመት የቲያትር መግቢያ ከገዙ ሰዎች ለአንዳንዶቹ፣ እነርሱ ሳይጠይቁ፣ በዕጣ ዋጋ ተቀነሰላቸው። ቲያትሩ ያው ነው፤ ነገር ግን በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ከሌሎቹ የበለጠ ተመላለሱ። የሚጎትታቸው የሚያዩት ትርኢት ሳይሆን የከፈሉት ገንዘብ ነበር።

መንግሥታትም ከዚህ አያመልጡም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከድምፅ የፈጠነ የመንገደኞች አውሮፕላን ለመሥራት እ.ኤ.አ. በ1962 ተዋዋሉ። ኮንኮርድ የተባለው ይህ አውሮፕላን ገና ሳይጠናቀቅ፣ ወጪው እንደማይመለስ ግልጽ እየሆነ ሄዶ ነበር፤ ነገር ግን እስከዚያ የወጣው ወጪ ራሱ ተጨማሪ ለማውጣት ምክንያት ሆነ። አውሮፕላኑ በ1976 ሥራ ጀምሮ በ2003 እስከሚያቆም የተሠሩት በጠቅላላው 20 ብቻ ነበሩ። እንደ ምህንድስና ድንቅ ነበር፤ እንደ ንግድ ግን የከሰረ። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለውን የአስተሳሰብ ወጥመድ የኮንኮርድ ስህተት ብለው የሚጠሩት አሉ።

የሚሰሟቸውን የስኬት ታሪኮች በተመለከተም አንድ ቅሬታ አለኝ፤ እኛ የመጽሔት ሰዎችም ከጥፋቱ ነጻ አይደለንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ አብርሃም ዋልድ ከዘመቻ የተመለሱ ቦምብ ጣዮችን የጥይት ቀዳዳ ያጠና ነበር። ከተመለሱት ላይ የሚታየው ቀዳዳ አውሮፕላን ተመትቶም ሊመለስ የሚችልበትን ቦታ ነው የሚያሳየው፤ ሊጠነከር የሚገባው እንግዲህ በተመለሱት ላይ ቀዳዳ ያልታየበት ክፍል ነው፤ እዚያ የተመቱት አልተመለሱማ። ቃለ መጠይቅ የሚደረግላቸውም የተመለሱት ናቸው። ልክ እንደነርሱ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ሳይተዉ ጸንተው፣ ቤታቸውን ሸጠው ባዶ እጃቸውን የቀሩትን ማይክሮፎን ይዞ የሚጠይቃቸው የለም።

እንግዲህ ይዝጉት እያልኩዎ ነው? አይደለም፤ ይህን የምወስንበት መረጃ የለኝም። ሁለት ነገር ግን ያድርጉ። ዛሬ ማታ ብቻዎን ሲሆኑ ይህን ይጠይቁ፤ ድርጅቱ ባይኖርዎት ኖሮና አንድ ሰው አሁን ካለው ማሽን፣ ደንበኛና ዕዳ ጋር በነጻ ቢሰጥዎ ይቀበሉት ነበር? የሚቀበሉት ከሆነ በጎ ምልክት ነው። ከዚያ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ቀንና አንድ ቁጥር በወረቀት ጻፉ፤ እስከዚህ ቀን ድረስ በወር ይህን ያህል ትርፍ ካላስገባ ይዘጋል፣ ካስገባ ግን «ይብቃሽ» የሚለው ቃል በዚህ ቤት አይነሣም። ቁጥሩን አሁን፣ ልብዎ ሳይሸበር መጻፍዎ ወሳኝ ነው፤ ቀኑ ከደረሰ በኋላ የሚጻፍ ቁጥር ሁልጊዜ ይለጠጣል።

በተረፈ ሙያዎና ድርጅትዎ አንድ አይደሉም። ድርጅቱ ቢዘጋ መቀሱን የሚይዝ እጅዎ አብሮ አይዘጋም። የትኛው ልብስ ቶሎ እንደሚሸጥ፣ የትኛው ደንበኛ በዱቤ ወስዶ እንደሚጠፋ፣ በየትኛው ወር ሥራ እንደሚቀዘቅዝ በስድስት ዓመት ተምረዋል፤ ይህን ዕውቀት በሌላ ሰው ድርጅትም ሆነ በራስዎ ትንሽ ሥራ ይዘውት ይሄዳሉ። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንደሚባለው የሚናገር አይጠፋም፤ ሰነፍ የሚልዎትም ይኖራል፤ ሒሳቡን ግን የሚከፍልልዎ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። እስከ ዓምና ድረስ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። ዘንድሮ ሒሳብ ከበዳት። በቀደም ከ10 ያገኘችውን 4 በእስክሪብቶ 9 አድርጋ አመጣችልኝ፤ ቀለሙ ስለሚለይ ወዲያው አወቅኩ፤ ግን ዝም አልኩ። ሁልጊዜ «ጎበዝ ነሽ፣ አእምሮሽ ብሩህ ነው» እያልኩ ነው ያሳደግኳት። ምን ልበላት? (አባት)

መልስ፦ ዝም ማለትዎ ለአሁኑ አልከፋም። ምስጋናዎ ግን ሳይታወቅ ሸክም ሆኖባት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ የታወቀ ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ቀላል ጥያቄ ከሠሩ በኋላ ከፊሎቹ በብልህነታቸው፣ ከፊሎቹ በጥረታቸው ተመሰገኑ፤ ቀጥሎ ሆን ተብሎ የሚከብድ ጥያቄ ተሰጣቸው። ኋላ ላይ ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁ በብልህነታቸው ከተመሰገኑት 38 በመቶው ውጤቱን አሳምረው ጻፉ፤ በጥረታቸው ከተመሰገኑት እንዲህ ያደረጉት 13 በመቶው ናቸው። ብሩህ የተባለ ልጅ 4 ሲያገኝ የሚያጣው ነጥብ ብቻ አይደለም፤ ስሙንም ነው። እስክሪብቶውን ያነሣችው ስሟን ለማስመለስ ይመስለኛል።

ለመጀመሪያው ደብዳቤ ጸሐፊ የነገርኳቸው ለልጆችም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። በባዶ ወረቀት ላይ ከፈተናዋ ሁለት ጥያቄ ቀድተው፣ እርስዎ ራስዎ ተሳስተው ይሥሩትና «የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» ብለው ያሳይዋት። የአባቷን ስህተት ማረም ያስደስታታል፤ በዚያውም የራሷን ስህተት ታየዋለች። ስታገኘው «ብሩህ ነሽ» አይበሉ፤ «ከሦስተኛው መስመር ጀምረሽ ወደ ኋላ መፈተሽሽ ጥሩ ዘዴ ነው» ቢሉ ይበልጣል። ስለተለወጠው ቁጥር ማንሣትዎ አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም፤ ለእሱ ግን ሌላ ቀን ይምረጡ።